ትምህርት ዐሥራ አራት፦ የዱር አራዊት እንዴት ይቈጠራሉ?

ሀ. ከንባብ በፊት

ከዚህ በታች የቀረቡትን ጥያቄዎች በቃል ተወያዩባቸው።

1. በጫካ ውስጥ የሚኖሩ አራዊት ቍጥራቸው ስንት እንደሆነ ሰው በምን ያውቃል?
2. «ብዙ ነው» በሚለው ቃልና «ሁለት መቶ ያህል ነው» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

ለ. ንባብ

እረኛ ከብቱን የሚቈጥረው ማታ በበረቱ በር ላይ ነው። አንድ በአንድ ሲገቡ እያየ ይቈጥራል፤ የጐደለም ቢኖር ወዲያው ያውቃል። የዱር አውሬ ግን በረት የለውም። ሰው ሲመጣ ይሸሻል፣ በሣር ውስጥ ይደበቃል፣ በሌሊት ይጓዛል፤ የአገር ድንበርንም አያውቅም። ስለዚህ የዱር አራዊትን ብዛት ለማወቅ ከእረኛው ዘዴ የተለየ ዘዴ ያስፈልጋል። ይህንን ዘዴ የሚያቀርብልን ስታቲስቲክስ የተባለው የሒሳብ ክፍል ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት፣ ከመተማ በስተደቡብ ባለው የቋራ ቈላና ከእርሱ ባሻገር በሚገኘው በምሥራቅ ሱዳን ያለውን ምድር እንመልከት። ይህ አገር ሞቃትና ሜዳማ ነው። በኢትዮጵያም በኩል ሆነ በሱዳኑ የገዳሪፍ ግዛት ሕዝቡ ማሽላና ሰሊጥ ያመርታል፤ ከብትም ያረባል። የአይማና የራሃድ ወንዞች ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥተው በዚህ ቈላ በኩል ወደ ሱዳን ይወርዳሉ። አይማ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ ዲንደር ተብሎ ይጠራል። ሁለቱም ወንዞች በመጨረሻ ከዐባይ ጋር ይቀላቀላሉ። ውሃቸው የሚፈስሰው ከሰኔ እስከ ኅዳር ገደማ ሲሆን፣ በበጋ አልጋቸው ደርቆ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀራል። በዲንደር በኩል ወንዙ መንገዱን ሲለውጥ ትቶአቸው የሄደ ረግረጋማ ሥፍራዎች አሉ፤ የአካባቢው ሰዎች «ማያ» ይሉአቸዋል። በበጋ አራዊቱ ሁሉ የሚሰበሰቡት በእነዚህ ውሃዎች ዙሪያ ነው።

በሱዳን በኩል የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1935 ነው። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በቋራ ወረዳ የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ2006 ተቋቋመ፤ ስፋቱም 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱ ፓርኮች ይዋሰናሉ፤ በመካከላቸው አጥር የለም። በዚህ ምድር በሆር፣ ድፋርሳ፣ ከርከሮ፣ ዝንጀሮ፣ ጅብና ሌሎችም አራዊት ይኖራሉ።

አንበሳስ አለ? ይህ ጥያቄ ለቋራ ገበሬና እረኛ ጥያቄ አልነበረም። ድምፁን በሌሊት የሰማ፣ ዱካውን በወንዝ አሸዋ ላይ ያየ ሰው መኖሩን ያውቅ ነበር። ይሁን እንጂ በዓለም አቀፍ የአንበሳ ካርታ ላይ ይህ ሥፍራ «ሊኖርበት ይችላል» ከመባል አላለፈም ነበር። በ2016 መጀመሪያ ላይ፣ ቦርን ፍሪ የተባለው የእንስሳት ጥበቃ ድርጅት በረዳው ጕዞ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በሃንስ ባወር የሚመራ ቡድን በአልጣሽ የአንበሳ ዱካ ማግኘቱንና ራሱን በራሱ በሚያነሣ ካሜራ የአንበሳ ፎቶግራፍ መቅረጹን አስታወቀ። በዚያው ጊዜ በአልጣሽና በዲንደር በጠቅላላው ከ100 እስከ 200 የሚደርሱ አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉ ገመተ።

የውጭ አገር ጋዜጦች ይህንን «አዲስ ግኝት» ብለው ጻፉ። ለእኛ ግን ከግኝቱ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠን ቍጥሩ ነው። ቡድኑ ሁለት መቶ አንበሳ አላየም፤ መቶም አላየም። ታዲያ ይህ ቍጥር ከየት መጣ? ምን ያህልስ ሊታመን ይችላል? ይህንን ለመመለስ የአቈጣጠር ዘዴዎችን አንድ በአንድ መመርመር አለብን።

የመጀመሪያው ዘዴ ሙሉ ቈጠራ ነው። ይህም በአንድ ሥፍራ ያሉትን እንስሳት ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ለመቍጠር መሞከር ነው። ሥፍራው ትንሽና ገላጣ ሲሆን ሊሠራ ይችላል። በሰሜን ተራሮች ዋልያ በገደል ላይ ስለሚታይ፣ ቈጣሪዎች በየአምባው ላይ ቆመው በመነጽር እያዩ ይቈጥሩታል። ቁጥቋጦና ረጅም ሣር በሸፈነው በአልጣሽና በዲንደር ሜዳ ግን ይህ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ዘዴ ናሙና መውሰድ ነው። ወጥ የሠራች ሴት የጨውን ልክ ለማወቅ ድስቱን ሙሉ አትጠጣም፤ አማስላ በጭልፋ ትቀምሳለች። በናሙና ቈጠራም ከፓርኩ ጥቂት ሥፍራ ብቻ ተመርጦ ይቈጠራል፤ ከዚያ ስለ ጠቅላላው ይገመታል። አስተውሉ፤ ሴትየዋ ከመቅመሷ በፊት ታማስላለች። ካላማሰለች ቅምሻዋ ያታልላታል። በዱር የማማሰልን ቦታ የሚተካው ዕጣ ነው። የሚቈጠረው ሥፍራ የሚመረጠው ቈጣሪው ደስ ባለው ቦታ ወይም መኪና በሚያልፍበት መንገድ ሳይሆን በዕጣ መሆን አለበት።

ይህንን በሒሳብ እንየው። 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ፓርክ አለ እንበል። በዕጣ 10 መስመሮች ተመረጡ። እያንዳንዱ መስመር 20 ኪሎ ሜትር ርዝመትና ግማሽ ኪሎ ሜትር ወርድ አለው፤ ስፋቱም 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዐሥሩ በጠቅላላው 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆኑ የፓርኩ ዐሥረኛ እጅ ናቸው። በየመስመሩ የተቈጠረው ድፋርሳ ይህ ነው፦ 0፣ 2፣ 9፣ 1፣ 0፣ 5፣ 3፣ 12፣ 0፣ 4። ድምሩ 36 ነው። በዐሥር ብናባዛው 360 ይሆናል። እንግዲህ ግምቱ 360 ነው ማለት ነው።

ሆኖም ሥራው በዚህ አያበቃም። መስመሮቹ እጅግ እንደሚለያዩ ተመልከቱ፤ በአንዱ 12፣ በሦስቱ ግን ምንም የለም። ዕጣው ጥቂት ወደ ጐን ቢወድቅ ኖሮ ድምሩ ሌላ ይሆን ነበር። በስታቲስቲክስ ቀመር ሲሰላ የዚህ ግምት መደበኛ ስሕተት ወደ 130 ይጠጋል። የዚህን እጥፍ ወዲህና ወዲያ ብንወስድ እውነተኛው ቍጥር ከ100 እስከ 620 ባለው መካከል ሊሆን እንደሚችል እንረዳለን። «360 ነው» ብሎ መጻፍና «360 ይገመታል፤ ከ100 እስከ 620 ሊሆን ይችላል» ብሎ መጻፍ አንድ አይደለም። ሁለተኛው እውነቱን ይነግረናል፤ መስመሮቹ ጥቂት መሆናቸውንና ቢጨመሩ እንደሚሻልም ያሳየናል።

ከዚህም በላይ ቈጣሪው በመስመሩ ላይ ሲሄድ እንስሳውን ሁሉ አያይም። አጠገቡ ያለውን ያያል፤ ርቆ በቁጥቋጦ የተጋረደው ግን ያመልጠዋል። ስለዚህ የታየው እንስሳ ከመስመሩ ምን ያህል እንደራቀ ተለክቶ ይመዘገባል። ርቀቱ እየጨመረ ሲሄድ የሚታዩት እንስሳት እንዴት እየቀነሱ እንደሚሄዱ በማየት፣ ያልታዩት ምን ያህል እንደሚሆኑ ማስላት ይቻላል።

ሦስተኛው ዘዴ ምልክት አድርጎ ዳግመኛ መያዝ ነው። በክፍል ውስጥ በባቄላ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በአንድ ማሰሮ ውስጥ ቍጥሩ የማይታወቅ ባቄላ አድርጉ። 40 ፍሬ አውጥታችሁ በቀለም ምልክት አድርጉባቸውና መልሱአቸው። በደንብ አደባልቁ። ከዚያ ሳታዩ 50 ፍሬ አውጡ። ከእነዚህ መካከል 8ቱ ምልክት ያላቸው ቢሆኑ፣ 40ን በ50 አባዝታችሁ ለ8 አካፍሉ። በማሰሮው ውስጥ 250 ያህል ባቄላ አለ ማለት ነው። ይህን ሐሳብ የዴንማርኩ ፒተርሰን በ1896 ለዓሣ፣ አሜሪካዊው ሊንከን ደግሞ በ1930 ለዳክዬ ተጠቀሙበት፤ ስለዚህ ዘዴው በሁለቱ ስም ይጠራል።

ይህ ዘዴ የሚሠራው በሁለቱ ቀናት መካከል እንስሳት ካልገቡና ካልወጡ፣ ምልክቱ ካልጠፋ፣ ሁሉም የመያዝ ዕድላቸው እኩል ከሆነ ነው። ዛሬ ለብዙ እንስሳት ቀለም ወይም ቀለበት አያስፈልግም። የነብርንና የነጠብጣማ ጅብን ነቍጥ፣ የአንበሳንም የጢሙን ሥር ነጠብጣብ በፎቶግራፍ አይቶ አንዱን ከሌላው መለየት ይቻላል። በዛፍ ላይ የታሰረ ካሜራ ያንኑ እንስሳ ሁለተኛ ጊዜ ሲያነሣው፣ እንደ ተያዘ ይቈጠራል።

አራተኛው ዘዴ ከአውሮፕላን መቍጠር ነው። ሰፊና ገላጣ ለሆነ አገር ይስማማል። በ2014 እና በ2015 ኢትዮጵያን ጨምሮ በ18 የአፍሪካ አገሮች የሣር ምድር ዝሆን በአብዛኛው በዚህ ዘዴ ተቈጥሮ 352,271 ያህል እንደሆነ በ2016 ተገለጸ።

በማንኛውም ዘዴ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንደኛው የዕጣ ስሕተት ነው፤ ናሙናው ሲበዛ ይቀንሳል። ሁለተኛው የአሠራር መዛባት ነው፤ ይህኛው ናሙናው ቢበዛም አይቀንስም። የቋራና የዲንደር ምድር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በበጋ አራዊቱ በኩሬና በማያ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። አንድ ቈጣሪ ውሃ ዳር ብቻ ቈጥሮ ያገኘውን ቍጥር በፓርኩ ስፋት ሁሉ ቢያባዛ፣ በደረቁ ሜዳ የሌሉ እንስሳትን በወረቀት ላይ ይፈጥራል። በክረምት ደግሞ ሣሩ ረዝሞ፣ መንገዱም ጭቃ ሆኖ ስለሚቆራረጥ፣ ያሉትን እንኳ ሳያይ ይቀራል። ስለዚህ የውሃ ዳሩና ደረቁ ሜዳ ተለይተው መቈጠር፣ ለእያንዳንዱም በየስፋቱ መሰላት አለበት።

አሁን ወደ አንበሶቹ እንመለስ። የ2016ቱ ግምት ከእነዚህ ዘዴዎች በአንዱም የተገኘ ሙሉ ቈጠራ አይደለም። ቡድኑ የአንበሳ መኖር በዱካና በፎቶግራፍ ካረጋገጠ በኋላ፣ ውሃና የሚታደን እንስሳ ጥቂት በመሆኑ አንበሳውም ሳሳ ያለ ይሆናል ብሎ አሰበ። በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ከአንድ እስከ ሁለት አንበሳ ይኖራል ብሎም ወሰነ። የሁለቱን ፓርኮች ስፋት በክብ ቍጥር ወደ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ወሰደ። 10,000 ለ100 ሲካፈል 100 ነው፤ በሁለት ሲባዛ 200 ነው። ለአልጣሽ ብቻ ሲሰላ ከ27 እስከ 54 ሆነ።

አስተዋይ ተማሪ እዚህ ላይ መጠየቅ ይገባዋል። የዲንደር ስፋት ብቻውን ወደ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የአልጣሽ ሲጨመርበት ከ12,000 ያልፋል። በዚህ ስፋት ቢሰላ ግምቱ ከፍ ይል ነበር። በሌላ በኩል አንበሳ በማይኖርበት ሥፍራ ሁሉ ቢባዛ ግምቱ ከእውነቱ ይበልጣል። እንግዲህ ግምቱ የቆመው በሁለት ምሰሶ ላይ ነው፤ በጥግግቱና በስፋቱ። አንዱ ምሰሶ ሲነቃነቅ ቍጥሩ ይነቃነቃል። ይህ ማለት ግምቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ማንም ሊመረምረው እንዲችል ሥሌቱ ተገልጾ በመቅረቡ ከወሬ ይለያል። «አንበሳ ሞልቶአል» ወይም «አንበሳ አልቆአል» የሚል ወሬ ግን ሊመረመር አይችልም።

የመጨረሻው ነጥብ ክትትል ነው። አንድ ጊዜ የተገኘ ቍጥር አራዊቱ እየበዙ ወይም እያነሱ መሆናቸውን አይነግረንም። ለዚህ በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው መስመር፣ በዚያው ዘዴ መቍጠር ያስፈልጋል። ዘዴው ከተለወጠ የተለወጠው አውሬው ይሁን ዘዴው መለየት ያስቸግራል። ከዚህ በፊት ባየነው ምሳሌ 360 የነበረው ድፋርሳ በሚቀጥለው ዓመት 300 ቢሆን፣ «ስድሳ ሞተ» ለማለት አይቻልም፤ ልዩነቱ በዕጣ ስሕተት ውስጥ የሚወድቅ ነውና። ለዐሥር ዓመት በተከታታይ ቢቀንስ ግን ማስጠንቀቂያ ነው።

ድንበርም ሌላ ችግር ይፈጥራል። አንድ መንጋ በጥር በአልጣሽ፣ በመጋቢት በዲንደር ቢገኝ፣ ሁለቱ አገሮች በየፊናቸው ቈጥረው ሲደምሩ ያው መንጋ ሁለት ጊዜ ይቈጠራል። ወይም በተለያየ ጊዜ በመቍጠራቸው ሁለቱም ያጡታል። መፍትሔው በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ዘዴ፣ በሁለቱም ወገን መቍጠር ነው። ይህ ደግሞ ሰላም ይፈልጋል። በሚያዝያ 2023 በሱዳን የተነሣው ጦርነት ብዙ ሕዝብ አፈናቅሎአል፤ ከተፈናቃዮቹም ብዙዎቹ ወደ ገዳሪፍ ገብተዋል። ሰው መጠጊያ በሚፈልግበት ጊዜ የአውሬ ቈጠራ ወደ ኋላ መቅረቱ አይቀርም።

ሆኖም የቈጠራ መቋረጥ ዋጋ ያስከፍላል። እርሻ ሲስፋፋ፣ ከብት ወደ ፓርኩ ሲገባ፣ አዳኝ ሲበዛ፣ ሣሩ በእሳት ሲቃጠል አራዊቱ ድምፅ ሳያሰሙ ያልቃሉ። የጠፉበትን ዓመት የሚመዘግብ ከሌለ፣ የጠፉበትን ምክንያት መርምሮ የቀሩትን ለማዳን ያስቸግራል። የቋራ እረኛ ከብቱን በየማታው የሚቈጥረው ለኵራት አይደለም፤ የጐደለውን ገና ሳይርቅ ፍለጋ ለመውጣት ነው። የዱር አራዊት ቈጠራም ዓላማው ይኸው ነው።

ሐ. የንባቡን ሐሳብ መረዳት

ከዚህ በታች ላሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. የዱር አራዊት ቈጠራ ከከብት ቈጠራ የሚለየው በምን በምን ነው?
2. ወጥ የምታማስለው ሴት ምሳሌ ስለ ናሙና አመራረጥ ምን ያስረዳል?
3. በውሃ ዳር ብቻ የተደረገ ቈጠራ ለምን ያሳስታል?
4. ከ100 እስከ 200 የሚለው የአንበሳ ግምት የተገኘው እንዴት ነው? ግምቱ የቆመባቸውን ሁለት ነገሮች ጥቀሱ።
5. ደራሲው የ2016ቱን ግምት ከወሬ የሚለየው በምን ምክንያት ነው? በዚህ ትስማማላችሁ?

መ. የቃላት ፍቺ

የሚከተሉትን ቃላት ፍቺያቸውን አጥኑ፤ ከዚያም በየራሳችሁ ዐረፍተ ነገር አግቡአቸው።

ናሙና — ስለ ጠቅላላው ለማወቅ የሚወሰድ ጥቂት ክፍል
ጥግግት — በተወሰነ ስፋት ውስጥ የሚገኝ ብዛት
መዛባት — ውጤቱን ዘወትር ወደ አንድ ወገን የሚገፋ የአሠራር ጉድለት
ክትትል — አንድን ነገር በየጊዜው እየመረመሩ ለውጡን ማወቅ
ሳሳ ያለ — ያልተጠጋጋ፣ እዚህም እዚያም ተበታትኖ የሚገኝ

ሠ. የቋንቋ ትምህርት፦ የግምት አነጋገር

አማርኛ የርግጠኝነትን ደረጃ የሚገልጽባቸው ብዙ ቃላት አሉት። ርግጠኛ የሆንበትን ነገር «ነው» ወይም «አለ» እንላለን። ቍጥሩን በግምት ስንናገር «ወደ»፣ «ያህል»፣ «ገደማ»፣ «የሚጠጋ» እንጠቀማለን። ስለ ነገሩ መኖር በጣም ስንገምት «ሳይኖር አይቀርም»፣ በመጠኑ ስንገምት «ይኖር ይሆናል»፣ ዕድሉን ብቻ ስንገልጽ «ሊኖር ይችላል» እንላለን።

1. ከንባቡ ውስጥ የግምት ቃል ያለባቸውን ስድስት ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ጻፉ።
2. «በአልጣሽ አንበሳ አለ» እና «በአልጣሽ ከ27 እስከ 54 አንበሶች ሊኖሩ ይችላሉ» በሚሉት ዐረፍተ ነገሮች የርግጠኝነት ደረጃው ለምን ተለያየ? ከንባቡ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ አስረዱ።
3. «በዚህ ፓርክ 360 ድፋርሳ አለ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እውነቱን በሚገባ እንዲገልጽ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉት።

ረ. ሥራ

1. በማሰሮ ባቄላ የተገለጸውን ሙከራ በቡድን ሆናችሁ አምስት ጊዜ ደጋግሙ። በመጨረሻ ባቄላውን ሁሉ ቍጠሩና አምስቱን ግምቶች ከእውነተኛው ቍጥር ጋር አነጻጽሩ።
2. ከ50ዎቹ ፍሬዎች ምልክት ያላቸው 8 መሆናቸው ቀርቶ 5 ቢሆኑ ግምቱ ስንት ይሆን ነበር? 10 ቢሆኑስ? ከዚህ ምን ትረዳላችሁ?

ሰ. ድርሰት

ከሚከተሉት በአንዱ ርእስ ከሁለት ገጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ። በምትጠቅሱት ቍጥር ሁሉ ርግጡንና ግምቱን ለዩ።

1. በአካባቢዬ የጠፉና እየጠፉ ያሉ እንስሳት፦ አዛውንቶች የነገሩኝ
2. አውሬ ድንበር የለውም፤ ጥበቃውስ?